ስንት ለስንት ልበጥብጠው? ልል አሸዋን በሲሊኬት ማርጋት

«ኢንጂነር፣ ሲሊኬቱን ስንት ለስንት ልበጥብጠው?»

ይህን ጥያቄ በወር ስንቴ እንደምሰማ ቆጥሬ አላውቅም። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማን ነው። ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ወይም ቆቦ ጎሊና ወንዝ አጠገብ መሠረት ሊቆፍር ገብቷል። ከጎኑ የጎረቤት ግድግዳ አለ። አንድ ሜትር እንደወረደ አሸዋው ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ ጤፍ ይንሸራተታል። ቁፋሮው ይቆማል፤ ስልክ ይደወላል።

መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ቁጥሩ እኔ ጋ የለም፣ እናንተ ኩባያ ውስጥ ነው ያለው። አብሽሩ፣ እንዴት እንደምታገኙት ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ይህ መመሪያ ከ3 ሜትር ለማይጠልቅ ቁፋሮ፣ ከጎኑም ባለ አንድ ወለል ቤት ወይም አጥር ላለበት ቦታ ነው። ከጎናችሁ ያለው ጂ+1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ የጂኦቴክኒክ (የአፈርና የመሠረት) መሐንዲስ አይቶ ሳይፈርምበት አትንኩት።

ምን እየሠራችሁ እንደሆነ

ሶዲየም ሲሊኬት ማለት ውሃ ውስጥ የሟሟ መስታወት ነው በሉት። ወፍራም፣ ማር የመሰለ ፈሳሽ ነው። በውሃ ቀጥኖ ማርጊያ ሲጨመርበት ትንሽ ይቆይና እንደ እርጎ ይረጋል። በፓምፕና በቱቦ ተገፍቶ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ቅንጣቶቹን ባሉበት ይይዛቸዋል። መሬቱ ሲቆፈር አይፈስም።

«ለምን ሲሚንቶ በጥብጬ አልገፋም?» የሚል አለ። የሲሚንቶ ቅንጣት ለደቃቅ አሸዋ ቀዳዳ ትልቅ ነው። ውሃው ያልፋል፣ ሲሚንቶው ቱቦው አፍ ላይ ተጣርቶ ይቀራል። ሲሊኬት ቅንጣት የሌለው ፈሳሽ ስለሆነ ውሃ የሚገባበት ይገባል።

ግን ሲሚንቶን አይተካም። የረጋ አሸዋ ለረጅም ጊዜ ሸክም ሲጫንበት ቀስ በቀስ ይለመጣል። አየር ላይ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ዓላማችሁ መሠረቱን እስክትሞሉ ድረስ አሸዋውን ማቆየት ብቻ ነው። ሸክሙን የሚሸከመው ኮንክሪታችሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፈሳሽ ሶዲየም ሲሊኬት። የሲሊካና የሶዳ ሬሾው ወደ 3.2 የሚጠጋ፣ አንድ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ የሚመዝን። ልብስ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል፤ ግን ለሳሙና ከሚሸጠው አንዳንዱ ሬሾው ወደ 2 ስለሆነ በቀላሉ አይረጋም። ሬሾውን የሚገልጽ ወረቀት ከሻጩ ጠይቁ።
- ማርጊያ። ለጊዜያዊ ሥራ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ በጆንያ። (ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ስለሱ ከታች አለ።)
- ንጹሕ ውሃ
- ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚገፋ፣ ትንንሽ ግፊት የሚያነብ ጌጅ ያለው
- 1 ኢንች ጥቁር የብረት ቱቦ፣ 3.5 ሜትር። እኛ ሳይት ላይ «መርፌ» እንለዋለን። የመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ይበሱበታል
- ለያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ሹል የብረት ጫፍ፣ ከቱቦው ጋር ያልተበየደ፣ መሬት ውስጥ የሚቀር
- 120 ሊትር የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች፣ የዱላ መማሰያ
- 12 ቁጥር ፌሮ 3 ሜትር፣ ትልቅ መዶሻ
- 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ፣ ሻሽ፣ ግራም የምትለይ ሚዛን፣ የሚያሳዩ ኩባያዎች፣ ሰዓት
- ቱንቢ፣ ውሃ ልክ
- የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ ቦት ጫማ፣ ሁልጊዜ የሞላ 20 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ

የአሉሚኒየምና የዚንክ ባልዲ አትጠቀሙ። ሲሊኬት አልካሊ ስለሆነ ብረቱን ይበላል፣ በዚያ ላይ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል።

ደረጃ 1፦ አሸዋ መሆኑን አረጋግጡ

ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሥራቸው እዚህ ላይ ያበቃል። «አሸዋ ነው» ይሉኛል፤ ስሄድ ዋልካ ወይም ደለል የተቀላቀለበት ነው። ወሎ ውስጥ ወንዝ ዳር ሁሉ አሸዋ አይደለም። አንድ ሜትር አሸዋ፣ ከሥሩ ግማሽ ሜትር ጭቃ፣ እንደገና አሸዋ ማግኘት የተለመደ ነው።

ከየግማሽ ሜትሩ አፈር ውሰዱ። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈሩ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቁ፣ አስቀምጡ። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ከዚያ በላይ የሚቆየው ደለልና ጭቃ ነው። በማግስቱ ከላይ የተኛው ደቃቅ አፈር ከጠቅላላው ከፍታ 15 በመቶ አካባቢ ወይም በላይ ከሆነ ሲሊኬት እንደልቡ አይገባም። ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ፤ ጣውላ ደግፋችሁ ቆፍሩ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጭቃው የአሸዋውን ቀዳዳ ይዘጋል። ፈሳሹ መግቢያ ሲያጣ መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ቀላሉ አቅጣጫ ይሄዳል። አንዳንዴ ወደ ጎረቤት።

ደረጃ 2፦ ውሃ እንዴት እንደሚያልፍ ለኩ

አንድ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ውሰዱ። ታቹን በሻሽ እሰሩ። 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ እየጠቀጠቃችሁ ጨምሩ። ቱቦውን ባልዲ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፤ ታቹ ውሃ አይንካ። ከታች መንጠባጠብ እስኪጀምር ውሃ አፍስሱ፣ አሸዋው ይጥገብ።

አሁን ከቱቦው ታች ጀምራችሁ 80 ሴንቲ ሜትርና 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ከ80 በላይ ውሃ ሙሉ። ውሃው ከ80 እስከ 40 ለመውረድ የወሰደውን ጊዜ ያዙ።

20 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ድረስ ያለ ችግር ትሠራላችሁ። ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ቅይጡን ማቅጠን ያስፈልጋል፣ ሥራውም እየዘገየ ይሄዳል። 35 ደቂቃ ካለፈ ተዉት። በተቃራኒው በ2 ሰከንድ ውስጥ ከወረደ ጠጠር ነው፤ ሲሊኬቱ ሳይረጋ ሸሽቶ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ በሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዱቄት) መሙላት ይሻላል።

ቱቦ ውስጥ የገባ አሸዋ መሬት ላይ እንዳለው አይጠቀጠቅም። ስለዚህ ሙከራውን ሦስት ጊዜ ድገሙና የዘገየውን ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ

ግድግዳው 6 ሜትር ይርዘም። 1 ሜትር ስፋት፣ ከ0.5 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ድረስ ልታረጉ አሰባችሁ። 6 × 1 × 2.5 = 15 ሜትር ኩብ። ከአሸዋው 35 በመቶ የሚሆነው ባዶ ቀዳዳ ነው እንበል፤ 5,250 ሊትር። ለሚሸሸው 10 በመቶ ጨምሩ፤ 5,775 ሊትር ቅይጥ።

ከቅይጡ 20 በመቶ ሲሊኬት ከሆነ 1,155 ሊትር ያስፈልጋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል 6 ማለት ነው። አንዱ በርሜል 280 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ማን እንደሚያወርደው አስቡ። 50 በመቶ የሚጠይቅ ጠንካራ ቅይጥ ከሆነ ደግሞ 15 በርሜል።

እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርሱ «እንግዲያው ጣውላ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው።

ደረጃ 4፦ የኩባያ ሙከራ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

አራት ኩባያ አሰልፉ። በያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ሲሊኬትና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ አዋሕዱ። በሌላ አራት ዕቃ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉና ባይካርቦኔት በተራ 10፣ 13፣ 16፣ 19 ግራም አሟሙ። ቶሎ አይሟሟም፣ ታገሡት። ውሃውን ግን አታሙቁ፤ ሲሞቅ ጋዙ ይወጣና ማርጊያነቱ ይደክማል።

ከዚያ የባይካርቦኔቱን ውሃ በሲሊኬቱ ላይ ቀስ እያላችሁ፣ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ሰዓት ያዙ። በየሁለት ደቂቃው ኩባያውን ዘንበል አድርጉ። ፈሳሹ መጀመሪያ እንደ ውሃ ይላወሳል። ከዚያ ሰማያዊ ቢጤ ደመና ያበጃል። በመጨረሻ ኩባያውን ስታዘነብሉ ፊቱ አብሮ ያዘነብላል እንጂ አይፈስም። ያ ደቂቃ የመርጊያ ጊዜው ነው።

የምትፈልጉት ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ነው። አንዱ ኩባያ በጣም ቸኩሎ፣ ሌላው ለሰዓታት ፈሳሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በሁለቱ መካከል ግራሙን እያስተካከላችሁ ድገሙ።

ሁለት ነገሮች ይህን ቁጥር ያዛቡታል።

አንደኛው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የመርጊያው ጊዜ በግምት በግማሽ ያጥራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1,850 አካባቢ ነው፤ ቆቦ 1,500 ገደማ። ደሴ ቢሮ በጠዋት ብርድ 40 ደቂቃ የቆየ ቅይጥ ቆቦ በእኩለ ቀን ፓምፕ ውስጥ ይረጋል። ሙከራው ሥራው ቦታ ላይ፣ በሥራው ሰዓት፣ በሥራው ውሃ ይደረግ። በርሜሉም ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ሁለተኛው ውሃው ነው። ሳሙና አረፋ የማይሰጥበት «ከባድ» የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም አለበት። ሲሊኬት ካልሲየም ሲነካ ወዲያው ቁርጥራጭ ነጭ ነገር ይሠራል። ያ ቁርጥራጭ የአሸዋውን በር ይዘጋል። ኩባያው ውስጥ ነጭ ብናኝ ካያችሁ ውሃ ቀይሩ።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ቃል ገብቼ ነበር። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ልጁን «ሶዳ ገዝተህ ና» ብዬ ላክሁት። ይዞ መጣ፣ ከፈትን፣ በጠበጥን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፤ ኩባያው እንደ ውሃ ነው። ዕቃው ሲሞቅብኝ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ኮስቲክ ሶዳ ነው! ገበያ ላይ ሁለቱም «ሶዳ» ይባላሉ። ኮስቲኩ ሲሊኬቱን ጭራሽ እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የኔ ነበር። ስሙን ሙሉውን በወረቀት ጽፋችሁ ላኩ።

ደረጃ 5፦ በራሳችሁ አሸዋ ናሙና ሥሩ

ፒቪሲውን 10 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ስድስት ቁራጭ አዘጋጁ። ከመጀመሪያው ጎኑን ሰንጥቁትና በሽቦ እሰሩት፣ በኋላ ናሙናው ሳይሰበር ይወጣል። ቅይጡን አፍስሱ፣ አሸዋውን ውስጡ እየበተናችሁ ሙሉ፤ በዚህ መንገድ አየር አይቀርም። በፌስታል ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ከደረቀ ውጤቱ ይዋሻል።

በሦስተኛው ቀን አውጡት። አቁሙት፣ ጣውላ ጫኑበት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ጣውላውን እየያዘ እንዳይዘነብል ይጠብቅ። የሲሚንቶ ከረጢት ግማሹን፣ ማለትም 25 ኪሎ ጫኑ። በዚህ ስፋት ይህ ወደ 0.12 ሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ነው። ሙሉ ከረጢት 50 ኪሎ ከተሸከመ 0.25 ደረሰ። የባይካርቦኔት ቅይጥ አቅሙ በዚያ አካባቢ ያበቃል። ግማሹን እንኳ ካልቻለ የኔ ምክር አትግቡ ነው።

ከዚህ የበለጠ ጥንካሬ ካስፈለገ ማርጊያው ኤስተር የሚባል ፈሳሽ ኬሚካል ይሆናል። ሲሊኬቱ ወደ 50 በመቶ፣ ኤስተሩ ከ5 እስከ 8 በመቶ፣ ቀሪው ውሃ። ከ1 ሜጋ ፓስካል በላይ ይሰጣል። ኤስተር ግን ከውሃ ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፤ ያለማቋረጥ የሚያማስል ማሽን ይፈልጋል። በዱላ አይሆንም። ካልሲየም ክሎራይድም አለ፤ ሲሊኬትን በነካበት ቅጽበት ያደርቀዋል። ሁለቱ በተለያየ መስመር ካልተገፉ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ደረጃ 6፦ ከመውጋታችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው? የውሃ መስመሩ በየት ያልፋል? የሚጠጡት ጉድጓድ ውሃ አለ?

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ቅይጥ የምንገፋበት አንዱ ጉድጓድ 80 ሊትር ጠጣ፣ 160 ጠጣ፣ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። እኛ «አሸዋው ጎበዝ ነው» እያልን ገፋን። በኋላ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ እትዬ ድምፅ መጣ፦ «ልጆቼ፣ ሽንት ቤቴ ምን እየሞላው ነው?» የድሮ የተቀበረ ጉድጓድ አግኝተን ነበር። ቡና አፍልተው ይቅር አሉን። በርሜሉ ግን አልተመለሰም።

የሚጠጣ ውሃ ጉድጓድ ቅርብ ካለ ይህን ሥራ አትሥሩ። ቅይጡ ሳይረጋ ከደረሰበት ውሃውን አልካሊ ያደርገዋል።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ ቱንቢ አንጠልጥሉ፣ የስንጥቆችን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሡ። ያኔ «ስንጥቁ ከናንተ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?» የሚል ክርክር አይኖርም።

ደረጃ 7፦ ቦታውን ወስኑ፣ ፌሮውን ቁጠሩ

በሁለት ረድፍ፣ 80 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ምልክት አድርጉ። የሁለተኛው ረድፍ ጉድጓድ በመጀመሪያው ሁለት ጉድጓዶች መካከል ይግባ። በምሳሌያችን 8 እና 7፣ በድምሩ 15 ይሆናል። አራርቃችሁ ብትወጉ መሃል ላይ ያልረጋ አሸዋ ይቀራል፤ ቁፋሮውም የሚፈርሰው እዚያው ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ቦታ ፌሮውን ምቱ። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ስንት ምት እንደወሰደ ጻፉ። ያው መዶሻ፣ ያው ሰው። በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 8፦ በጥብጡ፣ ግፉ

መርፌውን በሹሉ ጫፍ ላይ አቁማችሁ እስከ 3 ሜትር ምቱት። 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሳቡት፤ ጫፉ ከታች ይቀራል፣ አፉ ይከፈታል።

በአንድ በርሜል 16 ሊትር ሲሊኬትና 24 ሊትር ውሃ። በሌላው 40 ሊትር ውሃና ኩባያው የነገራችሁ ባይካርቦኔት። 16 ግራሙ ኩባያ ከተመረጠ ለ80 ሊትር 2.56 ኪሎ ይሆናል። ባይካርቦኔቱን ወደ ሲሊኬቱ ነው የምታፈሱት፣ እያማሰላችሁ። ያልቀጠነ ሲሊኬት ላይ ማርጊያ ከደፋችሁ ጓል ይሠራል።

ወዲያው ከበርሜሉ አንድ ኩባያ ቅዱና ሰዓት ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ቅይጥ እንዲህ አድርጉ። መሬት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያሳያችሁ ይህ ኩባያ ብቻ ነው።

በደቂቃ 8 ሊትር ግፉ። 80 ሊትሩ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ ከመርጊያው ጊዜ ግማሽ ሳይሞላ ማለት ነው። የጌጁ ንባብ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ከ0.25 ባር አይለፍ። 3 ሜትር ላይ 0.75፣ 1 ሜትር ላይ 0.25 ብቻ። ከዚህ ካለፈ ፈሳሹ ቀዳዳውን መሙላት ትቶ መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ያነሳል። ግድግዳውም አብሮ ይነሳል። ጌጁ ድንገት ዝቅ ካለ ተሰንጥቋል ወይም ሸሽቷል፤ አቁሙ።

አንዱ ሲያልቅ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሳቡና በአዲስ ቅይጥ ቀጥሉ። ከታች ወደ ላይ የምትሄዱት ውሃው ወደ ላይ እየተገፋ እንዲወጣ ነው። ከላይ ብትጀምሩ ውሃው ታች ታፍኖ ይቀራል። አንድ ጉድጓድ አምስት ጊዜ ይገፋል፤ 15ቱ ጉድጓድ 75 ቅይጥ ነው። የመግፋቱ ጊዜ ብቻ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መበጥበጡንና መምታቱን ጨምራችሁ አራትና አምስት ቀን ያዙ።

መጀመሪያ አንድ እየዘለላችሁ ግፉ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ መሃሎቹን ሙሉ። የመሃሎቹ ግፊት ከፊተኞቹ ከፍ ካለ መሬቱ እየተሞላ ነው ማለት ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ቱንቢውን ብቻ ይይ። ሁለት ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ «አቁም!» ይበል።

«የመስኖ ፓምፕ አለኝ፣ አይሆንም ወይ?» አይሆንም። እሱ በደቂቃ መቶዎች ሊትር ነው የሚተፋው።

ደረጃ 9፦ ጠብቁ፣ አረጋግጡ

ከመጨረሻው ቅይጥ በኋላ ሦስት ቀን ጠብቁ። ከዚያ ፌሮውን በሁለት ጉድጓዶች መካከል ምቱና ከበፊቱ ምት ጋር አወዳድሩ። ለውጥ የሌለበት ቦታ አልደረሰውም፤ እንደገና ይወጋ።

ከግድግዳው በራቀው ጠርዝ ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ። ፊቱ ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን አልካሊ ጠቋሚ ፈሳሽ ርጩ፤ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚያውቀው ነው። ሲሊኬት የደረሰበት ሮዝ ይሆናል። ሲሚንቶ የነካው አፈርም ሮዝ ስለሚሆን በጣትም ነካ ነካ አድርጉ። የረጋው አሸዋ በጥፍር ይፋቃል እንጂ አይፈስም።

ትንሽ ውሃ ቢያዥ አትደንግጡ። እርጎ አጓት እንደሚያወጣ የረጋው ቅይጥም እየተሰበሰበ ውሃ ይለቃል።

ደረጃ 10፦ በቁራጭ ቆፍሩ

ሙሉውን 6 ሜትር በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። 1 ሜትር ቆፍሩ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ኮንክሪት ሙሉ። ቀጣዩ ቁራጭ አጠገቡ ያለው አይሁን፤ ሁለት ዝለሉ። ግድግዳው ሁልጊዜ ግራና ቀኝ የሚደገፍበት መሬት ይኑረው። የተከፈተውን ፊት በላስቲክ ሸፍኑ፣ ፀሐይ ካደረቀው ይላጣል።

ጊዜውን ከኅዳር እስከ ጥር ብታደርጉት ጥሩ ነው። ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል፣ የካቲት ደግሞ በልጉ ሊመጣ ይችላል። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቅይጡን ሳይረጋ ያጥበዋል።

ማስጠንቀቂያ

ሲሊኬት ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። መነጽር የሚያወልቅ ሠራተኛ ከፓምፑ ይራቅ።

የፈሰሰና የደረቀ ሲሊኬት እንደ መስታወት ይቆርጣል። ሳይደርቅ እጠቡት። ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል።

የተረፈ ቅይጥ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይደፋ። በርሜሉ ውስጥ እንዲረጋ ተዉት፣ ከዚያ እንደ ደረቅ ቆሻሻ አስወግዱት።

የማያቸው ስሕተቶች

ሲሚንቶ በተበጠበጠበት ባልዲ መሥራት። የቀረችው ትንሽ ሲሚንቶ ካልሲየም ስላላት ቅይጡን ትበጣጥሰዋለች።

«ይጠንክር» ብሎ ሲሊኬት መጨመር። ይወፍራል፣ አይገባም። ያልገባ ቅይጥ ደግሞ ምንም አያጠነክርም።

ሁለት መቶ ሊትር በአንዴ በጥብጦ ምሳ መሄድ። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ሲመለስ በርሜሉ፣ ቱቦው፣ ፓምፑ ሁሉም እርጎ ሆነው ጠበቁት። ምሳ ከመውጣታችሁ በፊት፣ በየቅይጡ መካከልም፣ ፓምፑንና መርፌውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ከረጋ በኋላ የሚያወጣው መዶሻ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የሠራውን ግራም ዛሬም መጠቀም። አዲስ በርሜል ከተከፈተ አዲስ ኩባያ ይሰለፍ።